ከዚራ ላይ ሊኑክስ የሚያስተምረው ልጅ፦ ተመዝግቦ መማር ያዋጣል?

መልሱን አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ ያዋጣል። ድሬዳዋ ውስጥ ለጀማሪ ኮምፒውተር ሲያስተምሩ ካየኋቸው ሰዎች፣ ተማሪውን ከመጀመሪያው ሰዓት ጀምሮ ኪቦርድ ላይ የሚያስቀምጠው ይሄ ልጅ ብቻ ነው። ጉድለት የለውም ማለቴ አይደለም። አለው፣ እሱንም እጽፋለሁ። በተለይ አካውንቲንግ የምትማሩ ልጆች፣ ከመመዝገባችሁ በፊት ታች ስለ ፒችትሪ፣ ስለ ሂሳብ መያዣው ፕሮግራም፣ ያልኩትን አንብቡ።

ቦታው ከዚራ ነው። ከአንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ጀርባ ያለች ክፍል ናት፣ ጣሪያዋ ከፍ ያለ፣ ግድግዳዋ ወፍራም፣ ከድሮዎቹ የባቡር ዘመን ቤቶች አንዷ። ታፔላ የላትም። ስሙን የማልጽፈው ልጁ ራሱ ስላልፈለገ ነው፤ "ሰው በሰው ይምጣ፣ ከዚህ በላይ ወንበር የለኝም" ነው የሚለው። እዚያ አካባቢ ያሉትን የፎቶ ኮፒ ቤት ልጆች ብትጠይቁ ያሳዩአችኋል።

እኔ የገባሁት ከታናሽ እህቴ ጋር ነው። ከፍላ የተመዘገበችው እሷ ናት። ግን እዚህ ቤት አንድ ደስ የሚል ደንብ አለ፦ አንድ ሰው ሲመዘገብ ከቤቱ ሌላ አንድ ሰው ያለ ክፍያ ይዞ መምጣት ይችላል፣ አብሮ ይቀመጣል፣ አብሮ ይለማመዳል። ምክንያቱን ስጠይቀው "እቤት ገብታ አንድ ነገር እምቢ ሲላት የምትጠይቀው ሰው ከሌለ፣ በሁለተኛው ሳምንት ትጠፋለች" አለኝ። እውነቱን ነው። ማታ ማታ እኔና እሷ አንድ ላፕቶፕ ላይ ተጋፍተን፣ እየተነታረክን የተማርነው ክፍል ውስጥ ከተማርነው አያንስም። ይሄን ደንብ ብቻ ሌሎች ማሰልጠኛዎች ቢወስዱት ስንት ሰው ሳያቋርጥ ይጨርስ ነበር።

ሊኑክስን ለማያውቅ ሰው ባጭሩ፦ እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተሩን የሚያንቀሳቅስ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ነው። የጀመረው ሊነስ ቶርቫልድስ የሚባል ፊንላንዳዊ ነው፣ በፈረንጆቹ 1991፣ ሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ እያለ፣ ገና የ21 ዓመት ልጅ ሆኖ። የሠራውን ለሁሉም ሰው ክፍት አደረገው፣ ከዚያ በየአገሩ ያለ ፕሮግራመር እየጨመረበት እዚህ ደረሰ። በነፃ ይወርዳል፣ በነፃ ይጫናል፣ ለጓደኛ መስጠትም ይፈቀዳል። ክራክ ፍለጋ የለም። አክቲቬት አድርግ እያለ የስክሪኑ ጥግ ላይ የሚቆም ጽሑፍም የለም።

ሰው አሁን የበዛበት ምክንያት ደግሞ ግልጽ ነው። ማይክሮሶፍት ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ማለት ነው፣ የዊንዶውስ 10ን መደበኛ ድጋፍ አቁሟል። ወደ 11 እንሻገር ስንል ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕ ይፈልጋል፣ ፕሮሰሰሩም ኢንቴል ከሆነ በአብዛኛው 8ኛ ጀነሬሽንና ከዚያ በላይ ካልሆነ አይቀበልም። እዚሁ ድሬ ከታይዋን ገበያ የገዛነው የቤታችን ላፕቶፕ 4ኛ ጀነሬሽን ነው። አይሞከርም። ምንም ያልጎደለው፣ ስክሪኑ ደህና፣ ኪቦርዱ ደህና የሆነ ላፕቶፕ ዕድሜው ስላለፈ ብቻ ይጣል ወይ? ይሄ ነው ሰውን ወደ ልጁ የሚልከው።

የሚያስተምረው ሊኑክስ ሚንትን ነው። ብዙ ዓይነት ሊኑክስ እንዳለ ታውቁ ይሆናል፣ ኡቡንቱ አለ፣ ፌዶራ አለ፣ ዴቢያን አለ። ሚንትን የመረጠው መልኩ ለዊንዶውስ ሰው ስለማይከብድ ነው፤ ሜኑው ታች በግራ በኩል ነው፣ የተከፈቱ ነገሮች ታች ይደረደራሉ፣ ሰዓቱ በቀኝ ነው። የሚጠይቀውም ትንሽ ነው፦ ራም ቢያንስ 2 ጊጋባይት፣ እንዲመች ከተፈለገ 4፣ ሃርድ ዲስክ ላይ 20 ጊጋባይት ቦታ። ደከም ላለ ማሽን ኤክስኤፍሲኢ የሚባለውን ቀላሉን ዓይነት ይጭናል። እኛ ላይ የጫነው ሚንት 22 ሲሆን እስከ 2029 ድረስ የደህንነት ማሻሻያ ያገኛል።

አሁን ወደ ማስተማሩ ልግባ፣ ምክንያቱም ይሄን ሁሉ የምጽፈው በሱ ምክንያት ነው። ከዚህ በፊት እህቴ ሌላ ቦታ ቤዚክ ኮምፒውተር ተምራ ነበር። እዚያ መጀመሪያ የተማረችው የኮምፒውተር ጀነሬሽኖችን ታሪክ ነው፣ ከሰሌዳ እየገለበጠች፣ የወርድ ሜኑዎችን ስም በደብተር እየጻፈች። ማሽን የነካችው ቆይታ ነው፣ ያውም ለሦስት አንድ። ሰርተፍኬቱን ይዛ ወጣች፣ ፋይል ከፍላሽ ወደ ላፕቶፕ ለመገልበጥ ግን እኔን ትጠራ ነበር።

ይሄኛው ልጅ የመጀመሪያ ቀን ምንም አላብራራም። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ፍላሽ ሰጠ። "ሰኩት፣ ላፕቶፑን አጥፍታችሁ አብሩት፣ ሲነሳ ኤፍ12ን ተጫኑ" አለ። የአንዳንዱ ማሽን ኤፍ12 ሳይሆን ኤስኬፕ ወይ ኤፍ9 ነው፣ እየዞረ አስተካከለ። ትንሽ ቆይቶ የሁሉም ስክሪን ላይ ሚንት ቁጭ አለ። ምንም ሳይጫን፣ ከፍላሹ ላይ ብቻ። ከዚያ "አሁን የፈለጋችሁትን ንኩ፣ የፈለጋችሁትን ክፈቱ" ብሎ ተቀመጠ። ሰው መጀመሪያ ፈራ። ከዚያ አንዱ ሙዚቃ ከፈተ፣ አንዷ የስክሪኑን ፎቶ ቀየረች፣ እህቴ ፋየርፎክስ ገብታ ቴሌግራሟን ከፈተች። ሰዓቱ ሲያልቅ አጥፉት፣ ፍላሹን ንቀሉ፣ አብሩት አለ። የየራሳቸው ዊንዶውስ እንዳለ ተመለሰ፣ ፎቶው፣ ፋይሉ፣ ሁሉም በቦታው። ክፍሉ ውስጥ የነበረው ፍርሃት ያኔ ነው የለቀቀው። ጀማሪን የሚያስፈራው ከባድነቱ አይደለም፣ "አበላሽ ይሆን?" ነው። ልጁ ይሄን ከሁሉ በፊት ፈታው።

ሊወጡ ሲሉ አንድ ጥያቄ ጠየቀ፦ "ከዛሬ በፊት ሊኑክስ ነክቶ የሚያውቅ?" ማንም እጁን አላወጣም። "አንድሮይድ ስልክ ያለው?" ሁሉም አወጣ። የአንድሮይድ ውስጡ፣ ከርነል የሚባለው ክፍል፣ ሊኑክስ መሆኑን ነገራቸው። ከዚህ ሌላ ቲዎሪ አልነበረም ያን ቀን።

ሁለተኛው ቀን የየራሳችሁን ፍላሽ ይዛችሁ ኑ ተባለ። አቦ፣ ይሄ ትምህርት ለድሬ ሰው የተሠራ ነው! እዚህ ከተማ ፎቶ ኮፒ ቤት ገብቶ፣ ፕሪንት አስደርጎ፣ ፍላሹ ቫይረስ ሳይዝ የወጣ ሰው አላውቅም። ፋይሎቻችሁ ጠፍተው በቦታቸው ሾርትከት ብቻ የሚያሳየውን ነገር ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ፍላሾቹን ሚንት ላይ ሰካን፣ የተደበቀው ሁሉ ፊት ለፊት ወጣ። ጠፉ የተባሉት ፎልደሮች እዚያው ነበሩ። ቫይረሱም እዚያው ነበር፣ እንደ ማንኛውም ፋይል ቁጭ ብሎ፣ ምክንያቱም ለዊንዶውስ የተጻፈ ፕሮግራም ነው፣ ሊኑክስ ላይ በራሱ አይነሳም። በእጃችን አጠፋነው። አንዲት እናት ጠፋ ብላ የተወችውን የልጇን የምርቃት ፎቶ አገኘች፣ እልል አለች ቃል በቃል።

እዚህ ላይ ልጁን የማደንቀው፣ ሊኑክስ ቫይረስ የለውም ብሎ አልሸጠላቸውም። "ለሱም የሚጻፍ አለ፣ ይሄኛው ግን ለሱ አልተጻፈም፤ ከማታውቁት ቦታ ኮማንድ ገልብጣችሁ በሱዶ አትምቱ" ነው ያለው። ሱዶ፣ ለኮማንዱ የአስተዳዳሪ ሥልጣን የሚሰጠው ቃል፣ ምን እንደሆነ ያን ጊዜ አላወቅንም፣ በኋላ ስንደርስበት ግን ሁሉም አስታወሰው።

ተርሚናል፣ ኮምፒውተሩን በጽሑፍ ብቻ የምናዝበት መስኮት፣ ሲመጣ ብዙ ቦታ ተማሪ የሚያልቅበት ነው። ጥቁር ስክሪን፣ ብልጭ ድርግም የምትል መስመር፣ የት እንዳለህ የማይነግር። ልጁ ሰሌዳው ላይ የድሬን ካርታ ሳለ። ባቡር ጣቢያውን ስላሽ አለው፣ ሁሉም መንገድ የሚጀምርበት። ከዚያ ከዚራ፣ መጋላ፣ ሳቢያን፣ በመሀል ደቻቱ። እያንዳንዱ ሰፈር ፎልደር ነው፣ ውስጡ ያሉት ቤቶችም ፎልደር ናቸው፣ ዕቃው ፋይል ነው። ፒደብሊውዲ ማለት "አሁን የት ነው ያለሁት?" ኤልኤስ ማለት "እዚህ ምን ምን አለ?" ሲዲ ማለት "ወደዚያ ውሰደኝ"። አንዱ ተማሪ ባጃጅ ነጂ ይሆናል፣ ሌላው ተሳፋሪ፤ ተሳፋሪው በኮማንድ ብቻ ነው የሚናገረው። ከጣቢያው ጀምሮ ሙሉ አድራሻ መናገር ይቻላል፣ ካሉበት ጀምሮም መናገር ይቻላል፣ ልዩነቱ ገብቶኝ የማያውቀው ነገር ያኔ ገባኝ፤ በመጽሐፍ አብሶሉት ፓዝና ሪላቲቭ ፓዝ እየተባለ ስንት ገጽ የሚፈጀው ነገር ነው። ሲዲ ብለህ ሁለት ነጠላ ነጥብ (..) ብታስከትል አንድ ወደ ኋላ ትመለሳለህ። ነጂው ከተሳሳተ ክፍሉ በሙሉ ይጮህበታል።

ከዚያ ካርታውን በእውነት ሠሩት። ሜክ ዲር እያሉ ከዚራን፣ መጋላን፣ ቀፊራን በየላፕቶፓቸው ፈጠሩ፣ ያውም በአማርኛ ፊደል። ሊኑክስ የፎልደር ስም በግእዝ ፊደል ቢጻፍ ምንም አይለውም። እህቴ እስከ ዛሬ የትምህርት ፋይሎቿን የምታስቀምጠው ሳቢያን በሚባል ፎልደር ውስጥ ነው።

ስለ ባቡሯ ካልነገርኳችሁ ደግሞ ይቆጨኛል። ኤልኤስ ስትጽፍ ፊደሎቹን አገላብጠህ ኤስኤል ብትል፣ ሚንት መጀመሪያ ላይ አላውቀውም ይልሃል። ግን ኤስኤል የምትባል ትንሽ ፕሮግራም አለች፣ አንድ ጃፓናዊ የሠራት፣ ልጁ ሁሉም ማሽን ላይ ቀድሞ ጭኗታል። እሷ ካለች፣ ተሳስተህ ስትጽፍ በፊደላት የተሳለች የእንፋሎት ባቡር ከስክሪኑ ቀኝ ወደ ግራ ጭስ እየለቀቀች ታልፋለች። ኮንትሮል ሲ ብትል አትቆምም፣ እስክታልፍ መጠበቅ ነው። የተሠራችው ሰው በጥድፊያ እንዳይጽፍ ለማስተማር ነው። ባቡር በ1902 በፈረንጆቹ ገብቶ በቆረቆራት ከተማ፣ ከጣቢያው በእግር በሚደረስ ክፍል ውስጥ ይሄ ሲሆን አስቡት። ከኛ ጋር አንድ ጡረታ የወጡ የምድር ባቡር ሠራተኛ ይማሩ ነበር፣ ሁላችንም አባባ ነው የምንላቸው። ስክሪኑን ጠጋ ብለው አዩና "ይሄ የእንፋሎቱ ነው፤ እኔ ያገለገልኩት በናፍጣው ነው" አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጁ "አባባ፣ እስቲ ባቡሩን ያስነሱልን" ሳይል ተርሚናል አይከፍትም። እሳቸውም ሆን ብለው ኤስኤል ይጽፋሉ። ተሳስቶ መጻፍ እዚህ ክፍል ውስጥ አያሳፍርም፣ ባቡር ነው የሚመጣው።

መብራት ሲጠፋ ምን ይሆናል? ድሬ ነው፣ ይጠፋል። ዴስክቶፖቹ ወዲያው ይሞታሉ፣ የላፕቶፖቹም ባትሪ አብዛኛው አርጅቷል። ልጁ ለዚህ የተዘጋጀ ትምህርት አለው፣ መጥፋቱን እንደሚጠብቅ ነው የሚመስለው። ስምና ሰፈር የተጻፈባቸው ብዙ ወረቀቶች ያወጣል። ተማሪዎቹን በሰልፍ ያቆማል። የመጀመሪያው ካት ነው፣ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ያቀብላል። ሁለተኛዋ ግሬፕ ናት፣ ሳቢያን ያለባቸውን ብቻ ታሳልፋለች፣ ሌላውን ትጥላለች። ሦስተኛው ሶርት፣ በፊደል ተራ ያስተካክላል። አራተኛዋ ዩኒክ፣ ተከታትለው የመጡ ተመሳሳዮችን አንዱን ብቻ ታስቀራለች። አምስተኛው ቆጥሮ ቁጥር ይናገራል። በመካከላቸው ያለው እጅ ለእጅ መቀባበል ፓይፕ ነው፣ ኪቦርዱ ላይ ያለችው ቀጥ ያለች መስመር።

ጨዋታው የሚያምረው ከዚህ በኋላ ነው። ሶርትንና ዩኒክን ቦታ ያቀያይራቸዋል። ቁጥሩ ይለወጣል! ለምን? ሁሉም ይከራከራል። ዩኒክ የምታየው ጎን ለጎን የመጡትን ብቻ ስለሆነ፣ ሳይደረደሩ ከመጡላት ተመሳሳዮቹ ያመልጧታል። ይሄን እኔ ራሴ ኢንተርኔት ላይ አንብቤው አልገባኝም ነበር። አንዲት የ10ኛ ክፍል ልጅ በእጇ ወረቀት ይዛ "አቦ፣ ይሄኛው እኮ ቅድም አልፏል፣ እኔ ግን አላስታውስም!" ስትል ገባኝ። መብራት ሲመጣ ያንኑ ነገር ተርሚናል ላይ ጻፉት፣ ማንም አላስቸገረም።

ከሁሉም ትልቁ ግን የማበላሸት ቀን ነው። ሚንት ታይምሺፍት የሚባል ነገር አለው፣ የሲስተሙን ሁኔታ ባለበት ይዞ የሚያስቀምጥ። መጀመሪያ ሁሉም ታይምሺፍት ያስቀምጣል። ከዚያ ትዕዛዙ፦ "አሁን አበላሹት"። ፕሮግራም አራግፉ፣ ፎንቶቹን ሰርዙ፣ የምትችሉትን ሁሉ። አንዱ ዴስክቶፑን ሙሉ በሙሉ አጥፍቶ ጥቁር ስክሪን ላይ ቀረ። ከዚያ በታይምሺፍት መለሱት። የጥቁሩን ስክሪን ልጅ ከተርሚናል ላይ እንዲመልሰው አደረገ፣ እየተጨበጨበለት። ታይምሺፍት በራሱ የሚይዘው ሲስተሙን እንጂ የግል ፋይሎችን አለመሆኑን፣ ፎቶና ሰነድ ለብቻው ሌላ ቦታ መቀመጥ እንዳለበት ደጋግሞ ተናግሯል፣ ይሄን ሳይናገር ቢያልፍ ኖሮ አልምረውም ነበር።

ለትልልቅ ሰዎችና ለልጆች የተለየ ሰዓት አለው፣ ቅዳሜ ጠዋት። እዚያ የሚያዘው ጂኮምፕሪ ነው፣ በነፃ የሚገኝ የልጆች ማስተማሪያ፣ ከ100 በላይ ጨዋታዎች ያሉበት። ማውስ ይዘው የማያውቁ እናቶች የማውስ ልምምዱን እዚያ ይጀምራሉ፣ ጠቋሚው ሲያልፍ ሥዕሉ ይገለጣል፣ ከዚያ አንድ ክሊክ፣ ከዚያ ሁለት ክሊክ። ልጆቹ ደግሞ ተክስ ፔይንት ላይ ይስላሉ። አያትና የልጅ ልጅ ጎን ለጎን ተቀምጠው አይቻለሁ። ልጁ ለትልልቆቹ "እርስዎ" እያለ፣ አንድ ነገር አምስቴ ቢጠይቁት ድምፁ ሳይቀየር ነው የሚመልሰው። ኦሮምኛና ሶማሊኛም ይችላል፣ አማርኛው ያልጠራለት ሰው ካለ ዞር ብሎ በራሱ ቋንቋ ያስረዳዋል።

አማርኛ አጻጻፍ ላይም ጥሩ ነው። አይባስ የሚባለውን አዘጋጅቶ፣ ድምፁን በእንግሊዝኛ ፊደል ስትመታ ግእዙ እንዲወጣ ያደርግላችኋል። ልምምዱ የእድር ስብሰባ ጥሪ መጻፍ ነው፣ እሱን ሊብሬኦፊስ ላይ ጽፎ፣ አሳምሮ፣ ፒዲኤፍ አድርጎ በቴሌግራም መላክ። የሚያስቸግረው የድሮው ፋይል ነው። በቪዥዋል ግእዝ ዘመን የተጻፈ ደብዳቤ ይዛችሁ ከመጣችሁ ትርጉም የሌለው የምልክት ክምር ታያላችሁ፣ ምክንያቱም ያኔ የኛ ፊደል በእንግሊዝኛው ፊደል ቦታ ተደብቆ ነበር የሚጻፈው። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የራሱን ቦታ ያገኘው በ1999 በፈረንጆቹ ነው። ይሄ የሊኑክስ ጥፋት አይደለም፣ ፎንቱ የሌለበት ዊንዶውስ ላይም ያው ነው። መቀየሪያ መንገዱን ግን ልጁ በሥርዓት አያስተምርም፣ "አምጡልኝ እኔ እቀይራለሁ" ይላል። ቢያስተምር ይሻል ነበር፣ ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ፣ ቀበሌ፣ እድር፣ ሁሉም ጋ እንዲህ ያለ ፋይል ተከማችቷል።

አሁን ፒችትሪ። አካውንቲንግ ለምትማሩ በግልጽ ልናገር፦ ፒችትሪ የዊንዶውስ ፕሮግራም ነው፣ ሊኑክስ ላይ እንደ ልብ አይሠራም። ድሬ ውስጥ የሂሳብ ሥራ ማስታወቂያ ስታነቡ ደግሞ ፒችትሪ ይጠየቃል። ስለዚህ ዊንዶውሱን ጨርሳችሁ እንዳታጠፉ። ልጁም የሚመክረው ይሄንኑ ነው፤ የእህቴን ላፕቶፕ ሃርድ ዲስኩን ከፍሎ ሁለቱንም ጎን ለጎን አደረገላት፣ ስታበራ የምትፈልገውን ትመርጣለች። ኢንተርኔቱ፣ ጽሑፉ፣ ፊልሙ ሚንት ላይ፣ ፒችትሪው ዊንዶውስ ላይ፣ እሱንም ከኢንተርኔት አርቃ። ቅሬታዬ ይሄን የሚናገረው ሰው ከጠየቀው ብቻ መሆኑ ነው። ምዝገባ ላይ፣ ገንዘብ ከመቀበሉ በፊት መናገር አለበት። ከኛ ጋር የነበረ አንድ ልጅ በሦስተኛው ሳምንት ነው ያወቀው፣ ከፍቶትም ነበር። ኦቶካድ ለሚፈልጉ የምህንድስና ተማሪዎችም ነገሩ ተመሳሳይ ነው።

ሌላው ድክመት ፐርሚሽን የሚባለው፣ የትኛውን ፋይል ማን መክፈት ይችላል የሚለው ትምህርት ነው። ሁሉን ነገር በጨዋታ ያስተማረ ሰው፣ እዚህ ሲደርስ ሰሌዳ ላይ ቁጥር ደረደረ። ማንበብ 4፣ መጻፍ 2፣ ማስኬድ 1፣ ደምሩ። ልክ ነው፣ ግን ማንም አልያዘውም። ሦስት ተማሪ አንድ ማሽን ላይ የየራሳቸው አካውንት ተከፍቶላቸው፣ አንዱ የሌላውን ፋይል ለመክፈት ቢሞክርና እምቢ ሲለው ቢያይ በአንድ ቀን ይገባው ነበር። ነግሬዋለሁ፣ እሞክራለሁ ብሏል። ፕሪንተርንም በሩጫ ነው ያለፈው፣ ፎቶ ኮፒ ቤት ለመክፈት ለሚያስብ ሰው ደግሞ ዋናው ነገር ፕሪንተር ነው።

ሰርተፍኬት አይሰጥም። ለአንዳንድ ሰው ይሄ በቂ ምክንያት ነው ላለመግባት፣ እረዳለሁ፣ ቀጣሪ ወረቀት ይጠይቃል። በወረቀት ፋንታ ሲጨርሱ እያንዳንዱ ሰው የሌላ ሰው ላፕቶፕ ላይ፣ ብቻውን፣ ሚንት መጫን አለበት። እህቴ የጎረቤታችንን የእትዬን ላፕቶፕ ጫነች። ተጥሎ የነበረ ነው፣ አሁን ልጃቸው ይማርበታል።

ለኢንተርኔት አትስጉ። አፕት በሚባለው ፕሮግራም ስትጭኑ መጀመሪያ የወረደው ነገር ሁሉ ክፍሉ ውስጥ ባለ አንድ አሮጌ ዴስክቶፕ ላይ ይቀመጣል፣ ቀጣዩ ሰው ከዚያ ነው የሚወስደው፣ ዳታ አይቆጥርባችሁም። እቤት ግን የራሳችሁ ነው፣ ሙሉ አፕዴት ትንሽ አይደለም፣ እዚያው ጨርሳችሁ ውጡ።

ክፍያው ለቤዚክ ኮምፒውተር ከሚጠየቀው ያነሰ ነው፣ በሁለት ጊዜም ይቀበላል። ፈረቃ የጠዋትና የማታ ነው፣ ከሰዓት በኋላ የለም፣ በዚያ ሙቀት ማንም አይማርም። የጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ይጀምራል፣ ሰው አነስ ይላል፣ ልጁም ጊዜ ይሰጣችኋል። ማታ ይጨናነቃል፣ መብራትም የሚጠፋው ብዙውን ጊዜ ማታ ነው፤ የላፕቶፓችሁ ባትሪ የሞተ ከሆነ ጠዋቱን ምረጡ። ፍላሽ 8 ጊጋባይትና ከዚያ በላይ የሆነ ይዛችሁ ሂዱ፣ ውስጡ ያለውን ሁሉ ያጠፋዋል፣ አስቀድማችሁ ገልብጡ።